የቆመች መኪና፣ የሚሄድ ወረቀት

ስለ መኪና በአማርኛ ልናወራ ብንነሣ ከጣልያን ሳንበደር ሁለት ዐረፍተ ነገር አንሄድም። ጎማው፣ ማርሹ፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ፍሬቻው፣ ካንዴላው፣ ባሌስትራው ሁሉ ከዚያው የመጣ ነው። መኪና ራሷ የገባችው ከወረራው ብዙ ዓመት ቀድማ ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ አንዲት መኪና ይዞ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. በምኒልክ ዘመን ነበር። ይሁን እንጂ መካኒኩና ሹፌሩ አፋቸውን የፈቱት ኋላ በጣልያኖቹ ጋራዥ ስለሆነ ቋንቋው በዚያው ረግቶ ቀረ።

ከነዚህ የውሰት ቃላት ውስጥ ሦስቱ ለየት ይላሉ። ሊብሬ፣ ታርጋና ቦሎ። ሊብሬ ደብተር ነው፤ ታርጋ ሰሌዳ ነው፤ ቦሎ ማኅተም ነው። ሦስቱም ነዳጅ አይጠጡም፣ ዘይት አይቀየርላቸውም፣ አይተነፍሱም። መኪናዋ ከቆመች በኋላም እነርሱ መሄዳቸውን አይተዉም። ይህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ እንደ ቀልድ አልፈው ነበር። የአባቴን የቆመች ፊያት በሕግ አግባብ ለመሸጥ ስምንት ወር ስዞር ግን ቀልዱ ሁሉ እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ፊያቷ 124 የምትባለው ዓይነት ነበረች። ብዙዎቻችሁ በእህቷ በኩል ታውቋታላችሁ፤ ሶቪየቶች ፈቃዱን ከፊያት ገዝተው ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በቶልያቲ ከተማ ያመረቷት ላዳ የተቀዳችው ከርሷ ነው። አዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ለብሰው ለዓመታት የሞሉት ላዳ ታክሲዎች የኛ ቤት መኪና የሥጋ ዘመዶች ነበሩ ማለት ነው። አባቴ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ላይ በሁለተኛ እጅ የገዛት በ1975 ዓ.ም. ነው። ሦስታችንንም ልጆቹን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣችን እርሷ ናት። ለሠፈሩ ሰው ደግሞ አምቡላንስም፣ የሙሽራ መኪናም፣ የለቅሶ መኪናም ነበረች።

በ1996 ዓ.ም. ክረምት ቆመች። አባቴ “መለዋወጫ እስኪገኝ ነው” አለና ሸራ አለበሳት። መለዋወጫው ሳይገኝ በ2010 ዓ.ም. አባቴ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ሸራው ተቀደደ፣ ጎማዎቹ መሬት ገቡ፣ ዶሮዎች የኋላ ወንበሩ ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ፣ እናቴም ከሰሏን ፖርታባጋሉ ውስጥ ማስቀመጥ ለመደች። እንዲህ እያለች በግቢያችን ውስጥ ከመኪናነት ወደ ዕቃ ቤትነት ተዛወረች። ያንን ዝውውር ማንም አልጠየቀንም፤ ማኅተምም አላስፈለገው።

ነገር የመጣው እናቴ የቆመችበትን መሬት የፈለገችው ዕለት ነው። የአባቴ ጡረታ ለእርሷ ተቆራርጦ ሲደርስ የአንድ ወር አስቤዛ አይሸፍንም። ፊያቷ የተኛችበት ቦታ ላይ አንዲት ሰርቪስ ቤት ቢሠራና ቢከራይ፣ እጇን ለልጆቿ ሳትዘረጋ ትኖራለች። መሐንዲስ የማያሻው ሒሳብ ነው። መኪናዋ ትውጣ ተባለ።

በማግሥቱ “ቁራሌው!” እያለ በሠፈራችን የሚያልፈውን ልጅ ጠራሁት። ዞር ዞር ብሎ አያት፤ በጣቱ ኮፈኗን አንኳኳ፤ ብረቷን መዘነ። እኔ ዋጋ እጠብቃለሁ። እርሱ ግን “እህት፣ ሊብሬ አላት?” አለኝ።

“ብረት ነው እኮ የምሸጥልህ!”

“ብረት የምትሆነው ከተቆረጠች በኋላ ነው። አሁን መኪና ናት። መንገድ ላይ ይዤያት ስሄድ የማናት ቢሉኝ ምን እላለሁ?”

ሳቄ መጣ። ሳስበው ግን ልጁ የተናገረው ሕግ አዋቂ የሚናገረውን ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጡረተኛ ጠበቃ አመሻሹ ላይ ይህንኑ አብራሩልኝ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት አንድ መኪና ጉዳት ቢያደርስ፣ ይነዳት የነበረው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ መሰረቋን ካላስረዳ በቀር ማምለጫ የለውም። እናም ሊብሬና ታርጋ ያላትን መኪና “ብረት ናት” ብሎ ከግቢ ማስወጣት ማለት ስምህን መንገድ ላይ ለቆ እንደ መግባት ነው። ሰሌዳው ሌላ መኪና ላይ ቢለጠፍ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ሌላ ብረት ላይ ቢበየድ፣ ያም መኪና ሰው ቢገጭ፣ ፖሊስ የሚያንኳኳው የማንን በር ነው? በመዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረውን ሰው።

“እርሳቸው ደግሞ” አሉኝ ጠበቃው፣ ወደ ሰማይ እያዩ፣ “ሊመልሱ አይችሉም።”

ይህ እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ ሆነ። መኪናዋን ከመዝገብ ለማሰረዝ ባለቤቷ መፈረም አለበት። ባለቤቷ ሞቷል። በወረቀት ግን አልሞተም። መቃብሩን አሳምረን፣ ሙት ዓመቱን አውጥተን፣ ተዝካሩን በልተን ስናበቃ፣ መሞቱን ለመንግሥት የነገረ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ አባቴ ያረፈው ከዚያ በኋላ ቢሆንም በለቅሶ ቤት ስለ ምዝገባ የሚያነሣ የለም። ስለዚህ የሞተችውን መኪና ለማሰናበት መጀመሪያ የሞተውን አባታችንን በወረቀት ማሰናበት ነበረብን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዙር በዝርዝር ብነግራችሁ መጽሔቱ አይበቃኝም፤ ዞራችሁ የምታውቁትም ታውቁታላችሁ። የሞት ማስረጃ አወጣን። የወራሽነት ማረጋገጫ ለማግኘት ለፍርድ ቤት አመለከትን። አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ውክልና እንዲልክ ደወልን፤ ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄዶ ይፈርማል፣ ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያም ውልና ማስረጃ ይመዘገባል።

ወንድሜ በስልክ መጀመሪያ ሳቀ። “ለዚያች ፊያት?” አለ። ቀጥሎ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። አባታችን ሲቀበር የመኖሪያ ወረቀቱ ጉዳይ ስላላለቀ ሊመጣ አልቻለም ነበር። “እኔ እኮ ቀብሩንም በቪዲዮ ነው ያየሁት” አለኝ። “አባዬ መሞቱን በራሴ እጅ የምፈርመው አሁን ገና ነው።” ለመፈረም ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ኤምባሲው ሩቅ ሆኖበት አልነበረም።

ፍርድ ቤት ምስክሮቻችንን አቀረብን። ዳኛዋ አንደኛውን ምስክር “ሟች ከነዚህ ሌላ ልጅ አላቸው?” ሲሉ ችሎቱ ጸጥ አለ። ይህ ጥያቄ በየቤቱ ስንቱን ጉድ እንዳወጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ምስክሩ “የማውቀው የለም” አሉ። ኋላ የነበረችው እናቴ ለራሷ ያህል፣ ግን ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ፣ “እኔም የማውቀው የለም” አለች። ዳኛዋ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ፤ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ይመስለኛል።

የወራሽነቱ ወረቀት ተይዞ ወደ ተሽከርካሪ ጉዳይ ሲኬድ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት፤ የትም ያው ነው። አንዱ ቀን “ሲስተም የለም”፣ ሌላው ቀን ሲስተም አለ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተገኙና የመስኮቱ ወጣት መዝገቡን አየት አድርጎ ጠየቀኝ።

“ይቺ መኪና ከ1996 ጀምሮ ለምርመራ አልቀረበችም። ለምን?”

“ቆማ ነው።”

“መቆሟን በጽሑፍ አሳውቃችኋል? ታርጋዋን መልሳችኋል?”

“አልመለስንም።”

“ታዲያ በኛ በኩል አልቆመችም።”

እውነቱን ነው። በእነርሱ በኩል ስትሄድ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ቦሎ ሳትለጥፍ፣ ምርመራ ሳትቀርብ፣ ዶሮና ከሰል ጭና ስትሄድ ኖራለች። ያልተከፈለው ተሰላ፤ የትራፊክ ቅጣትና የባንክ እገዳ እንደሌለባት ተጣራ፤ አንድ ባለሙያ ቤት ድረስ መጥቶ የሻንሲ ቁጥሯን ናፍጣ በነካ ጨርቅ እየጠረገ ከሊብሬው ጋር አመሳከረ። ሊብሬው የተገኘው አባቴ በመጨረሻ ይለብሰው ከነበረው ኮት የውስጥ ኪስ ነው፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከመነጽር ቤቱ ጋር። መኪናዋ ስትበሰብስ እርሱ እንደ አዲስ ነበር።

“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ይላል ያገሬ ሰው። በዚያ ሰሞን ይህን ተረት በቀን ሦስት ጊዜ እደግመው ነበር። ወረቀት የያዘውን የማይለቅ ብቻ ሳይሆን ያልያዘውንም የሚያስታውስ መሆኑን ያየሁት ግን ጠበቃው ጎረቤታችን የእናቴን የጋብቻ ማስረጃ የጠየቁ ዕለት ነው።

እናቴ ከአልጋዋ ሥር የእንጨት ሳጥኗን አወጣች። በ1970 ዓ.ም. በሽማግሌዎች ፊት በእጅ የተጻፈ፣ አራት ጎኑ የተበላ የጋብቻ ውል ይዛ መጣች። ጠበቃው መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን አዩ፤ ከዚያ የሊብሬውን ቀን አዩ።

“እትዬ” አሏት፣ “የመኪናዋ ግማሽ እኮ የእርስዎ ነው። ለልጆቹ የሚወረሰው የቀረው ግማሽ ብቻ ነው።”

“የቱ ግማሽ?” አለች እናቴ።

ሳቅን። እርሷ ግን የጠየቀችው ከልቧ ነበር። ጠበቃው ቀስ ብለው አስረዷት። በትዳር ውስጥ የተገዛ ንብረት የተመዘገበው በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢሆንም፣ የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ይላል። አንዱ ሲሞት መጀመሪያ የሌላው ድርሻ ይወጣል፤ ውርስ የሚባለው ከዚያ የተረፈው ነው። ደግሞም በፍትሐ ብሔሩ ሕግ በመጀመሪያው ረድፍ የሚወርሱት ልጆች እንጂ ሚስት አይደለችም። ስለዚህ ግማሹ እንደ ውርስ የሚሰጣት ሳይሆን ከመጀመሪያውም የርሷ የነበረ ነው።

እናቴ ሊብሬውን ተቀብላ ገለጠችው። ፊደል ቆጥራለች፤ የባሏን ስም በጣቷ ተከትላ አነበበች። ከዚያም ለኛ ሳይሆን ለሊብሬው የምትናገር ይመስል፣

“እቁቤ እኮ ነበር” አለች።

ምን እንዳለች አልገባንም። “ስትገዛ የጎደለውን የሞላሁት በእቁቤ ነው። ሁለት ዓመት የጣልኩት። ዕጣው ሲወጣልኝ ለራሴ ልብስ መስፊያ ሲንጀር ልገዛበት ነበር። አባታችሁ ‘መኪና ለሁላችን ትሆናለች’ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለሁላችን ሆነች።” ዝም አለች። “ሊብሬው ላይ ማን ይጻፍ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁ። መኪና የወንድ ነው ይባል ነበር።”

እኔና እህቴ ተያየን። በዚያች መኪና ውስጥ አድገናል። እናታችን መሪ ስትይዝ አይተን አናውቅም። እንግዳ ሲኖር ኋላ ከኛ ጋር ትታጨቅ ነበር፤ የፊት ወንበር የእንግዳው ነው። ሲንጀር ግን በቤታችን ገብቶ አያውቅም። ልብሳችንን ሁሉ በእጇ ትሰፋ እንደነበር ያስታወስኩት በዚያች ደቂቃ ነው።

በአማርኛችን “ባለቤት” የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። የንብረት ጌታም ባለቤት ነው፤ ባልም ሚስትም ባለቤት ናቸው። አባቴ እናቴን ለሰው ሲያስተዋውቅ “ባለቤቴ” ይል ነበር፤ በአክብሮት። ለአርባ ዓመት ባለቤት ስትባል የኖረች ሴት የአንዲት መኪና ግማሽ ባለቤት መሆኗን የሰማችው መኪናዋ ብረት ከሆነች በኋላ ነው። እናቴ ግን ቅሬታ አላሰማችም። ውሉን አጣጥፋ ወደ ሳጥኗ ስትመልስ ከወትሮው ቀጥ ብላ የሄደች መሰለኝ፤ ምናልባት እኔ ነኝ እንደዚያ ያየሁት።

ፈተናው የመጣው ወረቀቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። አንድ ደላላ ከየት ሰማ ሳይባል በራችን ላይ ተገኘ። ጫማው የሚያበራ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ። መኪናዋን ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። “እህቴ፣ ለምን ትደክማላችሁ? አታሰርዟት። ሊብሬዋንና ታርጋዋን ብቻ ስጡኝ፤ ብረቷን ለፈለጋችሁት ሽጡ” አለኝ። ያቀረበው ዋጋ ብረቷ ከሚያወጣው ሦስት እጥፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ፣ የአሮጌ መኪና ወረቀት ወርቅ ሆኗል ሲልም አከለ። ፊርማም ቢሆን ችግር የለም፤ “ውክልና ብቻ ስጡኝ፣ ሌላውን ለኔ ተዉት።”

አልዋሽም፤ ሦስት እጥፉ ሰርቪስ ቤቱን ከነጣራው ይሠራል። ብሎኬትና ሲሚንቶ የሚገዛው በገንዘብ ነው፣ በሕግ ቁጥር አይገዛም። እህቴ ደግሞ “ማን ያውቅብናል?” አለች፤ ክፉ ሆና ሳይሆን የእናታችንን ወር አስባ። ስንከራከር እናቴ ከጓዳ ሰማችን። ወጥታ ደላላውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

“ልጄ፣ ወረቀቷን የሚገዛው ሰው መኪና አለው?” አለችው።

“አለው እማማ።”

“ታዲያ የራሱ መኪና ወረቀት የት ሄደ?”

ደላላው ወደ ጫማው አየ።

“የባሌ ስም ያለበትን ሰሌዳ አስሮ የማላውቀው ሰው አይነዳም። ቢገጭስ? ቢሰርቅበትስ? እርሱ በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ አያውቅም። አሁን ከሞተ በኋላ ላስጠራው?” አለችና ወደኛ ዞረች። “ደግሞስ ግማሿ የኔ ናት አላላችሁም? እንግዲያው ግማሼን አልሸጥም በሉት።”

በሕይወቷ ስለዚያች መኪና የሰጠችው የመጀመሪያው ውሳኔ ይህ ነበር። ጠበቃው እንዳሉት፣ ያለ እርሷ ፈቃድ ምንም ነገር አይሸጥም።

ታርጋዋ ተፈትቶ፣ ሊብሬዋ ተመልሶ፣ ከመዝገብ መሰረዟን የሚገልጽ ደብዳቤ ተሰጠን። የአንድ ገጽ ደብዳቤ ናት፤ ማኅተሟ ትንሽ የፈሰሰ። ኮፒዋን አንድ የመርካቶ ብረት ነጋዴ ከሽያጭ ውሉ ጋር አያይዞ ወሰደ። ሠራተኞቹ በጋዝ ለአራት ቆራርጠው፣ ላዳ ያላቸው ሁለት ሹፌሮች የሚሆናቸውን ዕቃ መርጠው፣ በአንድ ከሰዓት ሁሉም አለቀ። ያለ ወረቀት ቢሆን በአንድ ቀን የሚያልቀው ነገር ስምንት ወር ወሰደ፤ የብረቷም ዋጋ በየመስኮቱ ከከፈልነውና ከታክሲው ሲቀነስ ብዙ አልተረፈም። ይህን ለምን እደብቃለሁ?

ገንዘቡ ሲከፈል ግን አከፋፈሉ ወረቀቱ እንዳለው ሆነ። ግማሹ ለእናቴ፤ የቀረው ለሦስት። ሦስታችንም የኛን ለርሷ ልንጨምርላት ስንል “አይሆንም” አለች። “የኔን ለይታችሁ ስጡኝ። ከዚያ የናንተን ለሰርቪሱ ታበድሩኛላችሁ፤ ከኪራዩ እከፍላለሁ።” ከዚያን ዕለት ጀምሮ በደብተር ትጽፋለች። እስካሁን የወንድሜን ጨርሳለች።

ብዙ ጊዜ ወረቀትን የምናማው መንገድ ስለሚዘጋብን ነው። ሐሜቱ ተገቢ ነው፤ “ሲስተም የለም” የተባለበትን ቀን የሚመልስልኝ የለምና። ነገር ግን ማኅተምና ፊርማው አንድ ጥያቄ ይዞ ነበር የመጣው፤ “ይህ ነገር የማን ነው?” የሚል። በቤታችን ይህን ጥያቄ ማንም ለማንም አንሥቶ አያውቅም፤ በፍቅር እንኖር ነበርና ማንሣት ነውር ይመስለን ነበር። ጥያቄው ባይመጣ ኖሮ እናቴ የእቁቧን ነገር ይዛው ትሄድ ነበር፤ እኛም ፊያቷን እንዳለች “የአባታችን መኪና” ብለን ለልጆቻችን እንተርክ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በየግቢው ሸራ ለብሰው የቆሙ መኪኖች ስንት እንደሆኑ በመንገድ ስታልፍ ትመለከታለህ። ከመካከላቸው አንዷ የአንተ ቤት ብትሆን ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ሊብሬዋን አስወጣና አንብብ። ስሙን ካነበብክ በኋላ ግን ደብተሩን ቶሎ አትክደነው። እናትህን ጠይቃት፤ “እማዬ፣ ይህች ስትገዛ የጎደለውን የሞላው ማን ነበር?” በላት። መልሱ በየትኛውም ሊብሬ ላይ አይጻፍም።